ዛሬ የማን ጠላ ደርሷል? አብማ ማርያም ሰፈርን በልቼ፣ ጠጥቼ

ባለፈው ወር አንድ ጓደኛዬ ከአዲስ አበባ ደብረ ማርቆስ ሊጠይቀኝ መጣ። ገና መናኸሪያ ሳይደርስ ደወለና "ማርቆስ ላይ ምርጡ ምግብ ቤት የቱ ነው?" አለኝ። ዝም አልኩ። ሦስት ዓመት አብማ ማርያም አካባቢ ተከራይቼ ኖሬአለሁ። ላጤ ነኝ፤ ከራሴ ምድጃ ይልቅ የጎረቤቶቼን ምድጃ አውቃለሁ። ግን መልስ አጣሁ። የእኛ ሰፈር ሰው እንዲህ ብሎ አይጠይቅማ። የእኛ ሰፈር ጥያቄ "ዛሬ የማን ጠላ ደርሷል?" ነው።

ይህን የምጽፈው ለእሱና እንደ እሱ ላሉት ነው። 300 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘው፣ የዓባይን በረሃ ወርደው ወጥተው፣ ደጀንን አልፈው፣ ሆዳቸው እየጮኸ ይደርሳሉ። ከዚያ አስፋልት ዳር ካገኙት ሆቴል ይገቡና አንድ የደረቀ ጥብስ በልተው "ማርቆስ የሚበላ የለም" እያሉ ወደ ባሕር ዳር ይቀጥላሉ። ኧረ አለ! ከአስፋልቱ ገባ ማለት ብቻ ነው።

አንድ ነገር ላስቀድም። የቤቶቹን ስም አልጽፍም። አብዛኞቹ ስምም ታፔላም የላቸውም፤ "እትዬ እገሊት ቤት" ነው የሚባሉት። የሴቶቹን ስም ደግሞ ሳላስፈቅድ ኢንተርኔት ላይ አልለጥፍም። ባጃጅ ይዛችሁ አብማ ማርያም ውረዱና ያገኛችሁትን ሰው ጠይቁ። ሰፈሩ ጠባብ ነው፤ ሁሉም ሁሉን ያውቃል። ማን ከማን ጋር እንደተኳረፈ ሳይቀር ይነግሯችኋል።

መጀመሪያ ግን ቡና። ከቤተ ክርስቲያኑ ወረድ ብሎ ላስቲክ ወጥራ፣ አራት በርጩማ ደርድራ የምትሸጥ ልጅ አለች። ጀበናዋ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ጀምሮ ከከሰሉ አትወርድም። ጤና አዳም ጣል ታደርግበታለች፤ ካልፈለጋችሁ ቀድማችሁ ተናገሩ፣ አለዚያ ሳትጠይቅ ነው የምትነክረው። አንዳንዴ ዘጌ ያለው ዘመዷ ቡና ይልክላታል። ያን ቀን ከሦስት ስኒ በታች ጠጥቶ የሚነሳ ሰው አላየሁም። በሌላው ቀን ቡናዋ ደህና ነው፣ እንዲያው ደህና። እዚያ የምንኮለኮለው ለቡናው ብቻ አይደለም። ልጅቷ የሰፈሩ መረጃ ቢሮ ናት። ቁጭ ስትሉ ስኒውን እያጠበች "ዛሬ ወደ ላይ እንዳትወጣ፣ የእሳቸው ገና ጉሽ ነው። የታችኛው ግን ጠልሏል" ትላችኋለች። ጓደኛዬ ይህን ሲሰማ ኮድ የምናወራ ነበር የመሰለው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሰፈሩ ሴቶች ጠላ የሚጠምቁት ቀን ቆጥረው ነው። በ12 ሚካኤል፣ በ19 ገብርኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ27 መድኃኔ ዓለም፣ በ29 በዓለ ወልድ። የጽዋ ማኅበር ተራ የደረሳት ሴት ለማኅበርተኞቿ ትጠምቃለች፤ ጋኑ ከታጠነ አይቀር ብላ ትንሽ አብዝታ ትደፈድፍና የተረፈውን ትሸጠዋለች። ሁልጊዜ የሚሸጡት ሁለት ሦስት ቤቶች ደግሞ በየመሃሉ ባለው ቀን ይገባሉ። ተሰብስበው የተስማሙበት ነገር አይደለም፤ አንዷ የሌላዋን ጋን ስለምትዋስ ብቻ እንዲያ ይሆናል። ጋኑ እዚያ ቤት ሞልቶ ከተቀመጠ እዚህ ቤት ምን ሊጠመቅ? ጌሾም ሲጎድል ይበዳደራሉ። ስለዚህ አንድ ቀን መጥቶ አንድ ቤት ገብቶ "የማርቆስ ጠላ እንዲህ ነው" የሚል ሰው አትመኑ። የገባው በተሳሳተ ቀን ሊሆን ይችላል።

ሽሮ ቤቷ ቀን አትመርጥም። በቆርቆሮ አጥር መካከል ባለች ጠባብ በር ተጎንብሳችሁ ትገባላችሁ። ከውስጥ ስድስት ሰው የሚይዝ ክፍል አለ፤ ስምንት ሆነን እንቀመጣለን። የሚሸጠው ሽሮ ብቻ ነው። በሸክላ ድስት እየተንተከተከ ይመጣል፣ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦም ይፈነጥቃል፣ ነጭ ሸሚዝ የለበሰ ሰው ራቅ ይበል። ምጥኑን የምታዘጋጀው ራሷ ናት፤ አተርና ባቄላ፣ ሽምብራ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ በሶብላ፣ ኮረሪማ። ሌላም የምትጨምረው አለ፣ አትናገርም። አንድ ቀን ጥያቄ አላልቅ ብሎኝ "ጓያ አለበት እንዴ?" አልኳት። ጭልፋዋን አስቀምጣ አየችኝ። "ጓያ? እኔ ሰው ልሰብር ነው?" አለች። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ፣ እኔ ግን አፈርኩ። ለማያውቅ ሰው፦ ጓያ ለረጅም ጊዜ ብቻውን ሲበላ እግር ያሽመደምዳል፤ "ጓያ ሰበረው" የሚባለው ለዚህ ነው። በክፉ ዘመን ሌላ እህል ሲጠፋ ጓያ ይተርፋልና ጎጃምም ጎንደርም ሰው እሱን በልቶ ተጎድቷል። ሴትዮዋን በዚህ መጠየቅ ዳቦ ቤት ገብቶ "ሰጋቱራ ትጨምራላችሁ?" እንደማለት ነው። እስከ ዛሬ "ጓያው መጣ" ትለኛለች።

እንጀራዋ ለብቻው ይወራለት። እዚህ አገር ጤፍ ብርቅ አይደለም፣ ደጀንና ቢቸና እዚሁ ናቸው፤ ማኛ ጤፍ በየገበያው አለ። እሷ ግን የምትጋግረው ሰርገኛ ነው። ማኛው ለዓይን ነው፣ ሰርገኛው ለአፍ ነው ባይ ናት፤ እኔም ከእሷ ጋር ነኝ። ሊጡን ሦስት ቀን ታቦካዋለች። እንጀራው ዓይናማ፣ ኮምጠጥ ያለ፣ ሽሮው ሲፈስበት የማይፈርስ ነው። የምትጋግረውም ጓሮ ካለው ጭስ ቤት በእንጨት ስለሆነ መብራት ጠፋ ብሎ እንጀራ የለም የሚባል ነገር የለም። የዚህች ቤት ትልቁ በጎ ነገር ይህ ይመስለኛል። መብራት በጠፋ ቀን ሌላው ቤት ሁሉ ሲዘጋ ወረፋው እስከ አጥሩ ይደርሳል።

እሮብና ዓርብ፣ በጾሙም ወራት፣ ሱፍ ፍትፍትና ስልጆ ትጨምራለች። ስልጆው ሰናፍጩ አፍንጫ ይበሳል። ጓደኛዬ አንዴ ጎርሶ ዓይኑን ሲጠርግ ሁሉም "አይዞህ፣ ያልፋል" አሉት። በፍልሰታ የምትመጡ ከሆነ ግን፣ ከነሐሴ 1 ጀምሮ ማለቴ ነው፣ ቅዳሴ ሳይወጣ አትሂዱ። በሩ ዝግ ነው። ሴትዮዋም ቤተ ክርስቲያን ናት፣ ደንበኞቿም እዚያው ናቸው።

ቅሬታዬ? ጨው ታበዛለች። ነግሬአታለሁ። "ውሃ ጠጣበት" አለችኝ።

አሁን ወደ ጠላው። በሩ አጠገብ በተተከለ እንጨት ጫፍ ላይ የተደፋ ጣሳ ካያችሁ ጠላ አለ ማለት ነው። ጣሳው ከወረደ አልቋል፤ አታንኳኩ። እኔ የምወደው ቤት ከመንገዱ ገባ ብሎ፣ ግቢው ውስጥ የጌሾ ዛፍ ያለበት ነው። ባለቤቷ ትልቅ ሴት ናቸው፣ ሁላችንም አንቱ ነው የምንላቸው። የመጀመሪያውን ጣሳ ሲቀዱ ከጠላው ጠብታ መዳፋቸው ላይ ያፈሱና ፊታችሁ ይቀምሱታል። ይህ የድሮ ወግ ነው፣ ቀምሼዋለሁ፣ ምንም የለበትም ለማለት። ዛሬ በብዙ ቤት ቀርቷል። እሳቸው ጋ አልቀረም፤ ለሃያኛ ጊዜ ለሄድኩት ለእኔም ይቀምሱልኛል።

አንድ ጊዜ ከጠዋት ጀምሬ ሲጠነስሱ ቁጭ ብዬ አይቻለሁ፤ ቅዳሜ ነበር፣ ሥራ አልነበረኝም። ጋኑ መጀመሪያ በግራዋ ቅጠል ይታሻል፣ ከዚያ ይታጠብና በወይራ ጭስ ይታጠናል። ሲታጠን የጋኑ አፍ ወደ ታች ተደፍቶ ጭሱ እላዩ ላይ ይታፈናል፣ ግቢው በሙሉ ወይራ ወይራ ይሸታል፣ ጎረቤት ሁሉ "ዛሬ እዚያ ቤት ጥንስስ አለ" ብሎ ያውቃል። ጌሾው ተወቅጦ ከውሃ ጋር ይጠነሰሳል፤ ሰንብቶ ብቅሉ ይገባል። ከዚያ ቂጣው ይጋገራል፣ ደረቆቱ ይቆላል፣ ተፈጭቶ ድፍድፉ ይሆናል። መጨረሻ ላይ ውሃ ይሞላና አፉ ይመረጋል። የእሳቸው ጠላ ጠቆር የሚለው ደረቆቱን ጠበቅ አድርገው ስለሚቆሉት ነው። ዳጉሳም ይገባበታል፣ የጎጃም ነው እንግዲህ።

ጣዕሙን ልንገራችሁ። መጀመሪያ ጭሱ ነው። ቀጥሎ ኮምጠጥ ያለ ነገር ጉሮሮ ላይ ይወርዳል። ጌሾው የሚመጣው ከዋጣችሁ በኋላ ነው፣ ምላስ ላይ ቁጭ ብሎ ይቀራል፣ እሱን ለማጥፋት ሌላ ትጠጣላችሁ፣ እንዲህ እንዲህ እያለ ይመሻል። ሲጠጡት ቀላል ነው። ሲነሱ ነው የሚታወቀው። ከ10 ሰዓት በኋላ ከሄዳችሁ ግን የሚደርሳችሁ ቅራሪ ነው፤ ድፍድፉ ላይ ውሃ የተጨመረበት። አይደብቁም፤ "ቅራሪ ነው ልጄ፣ ልቅዳ?" ብለው ይጠይቃሉ፣ ዋጋውንም ይቀንሳሉ። ቅራሪን እንደ ዋናው ጠላ የሚሸጡ ቤቶች ሞልተዋልና ይህን ላመሰግን ይገባል።

ጓደኛዬን ወስጄው ነበር። እንደገባ ስልኩን አውጥቶ ጋኑን ሊቀርጽ ሲል "ልጄ፣ መጀመሪያ ቅመስ፣ ኋላ ታነሣለህ" አሉት። ስልኩን ኪሱ ከተተ። መደቡ ላይ አጎዛ ተነጥፏል፣ እሱ ላይ ተጠጋግተን ተቀመጥን። ከጎኑ አንድ ሽማግሌ ነበሩ፤ እኝህ ሰው ከተማውን ዛሬም መንቆረር ነው የሚሉት። የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት የማርቆስን ቤተ ክርስቲያን ካሠሩ በኋላ የመጣው ስም ለእሳቸው አዲስ ነው። (ንጉሡ የነገሡት በ1873 ዓ.ም. መሆኑን ብነግራቸው "ታዲያ ትናንት አይደለም?" አሉኝ።)

ሽማግሌው ጓደኛዬን "የማን ልጅ ነህ?" አሉት።

"መገናኛ ነው የምኖረው አባቴ።"

"እሱን አይደለም የጠየቅኩህ። አያትህ ማን ይባላሉ?"

ጓደኛዬ አሰበ፣ የእናቱን እናት ስም ጠራ፣ ትውልዳቸው ሞጣ መሆኑንም አስታወሰ። "በል ተወው፣ የኛው ልጅ ነህ" አሉና አንድ ጣሳ አስቀዱለት። እሱም መልሶ ለእሳቸው አስቀዳ። ከዚያ ሒሳቡ ማን የማንን እንደከፈለ የሚያውቅ አልነበረም፤ ባለቤቷ ግን ግድግዳው ላይ በከሰል እየሰረዙ ይይዙ ነበርና አንድም ጣሳ አልጠፋቸውም። ቴሌብር ይቀበላሉ ወይ ላላችሁ፣ ይቀበላሉ፣ በልጃቸው ስልክ። ልጁ ከሌለ ጥሬ ብር ያዙ።

የዚህ ቤት ጉድለትም አለ። ጣሳዎቹ ሁሉ በአንድ ባልዲ ውሃ ነው የሚለቀለቁት፣ ውሃው ቶሎ ቶሎ ቢቀየር ጥሩ ነበር። ሽንት ቤቱን በጨለማ አትሞክሩት። ከመሸ ደግሞ እሳቸው ራሳቸው "ግቡ ልጆቼ፣ ጊዜው አይደለም" ብለው ያስወጣሉ፤ አትከራከሯቸው፣ ትክክል ናቸው።

አረቄ ላይ ብዙ አልቆይም። ከጠላ ቤቱ በስተጀርባ ከዳጉሳ የሚያወጡ እናት አሉ። ተራውና ዳግሙ አለ፣ ዳግም ማለት ሁለት ጊዜ የወጣው ነው። ኮሶ የገባበትም አላቸው፣ እሱ የሚመረው እስከ ጆሮ ድረስ ነው። ንጹሕ ነው፣ ሽታው የእህል ነው፣ አያቃጥልም፣ ክፋቱም እዚያ ላይ ነው። አንድ መለኪያ በቂ ነው። ወደ ዓባይ በረሃ ሊወርድ ያሰበ ሹፌር ግን ባያየውም ይሻላል።

ጠጅ ላይ ግን ተናድጃለሁ፣ ይቅርታ አድርጉልኝ። አማርኛችን ለሦስቱ መጠጥ ሦስት ግሥ ያለው በከንቱ አይመስለኝም፦ ጠላ ይጠመቃል፣ አረቄ ይወጣል፣ ጠጅ ይጣላል። ጠጅ መጣል ማለት አንድ እጅ ማር ለሦስት እጅ ያህል ውሃ በጥብጦ፣ ጌሾ ጨምሮ፣ ጊዜ ሰጥቶ መጠበቅ ነው። ታዲያ ስሙን የማልጠራው አንድ ትልቅ ቤት፣ ሰፈሩ ውስጥ ታፔላ ያለው እሱ ብቻ ነው ማለት ይቻላል፣ ሄጄ አንድ ብርሌ አዘዝኩ። መጣ። ቢጫነቱ የታክሲ ነው። ቀመስኩት፤ ስኳር። ጌሾውም የይምሰል ነው። በማግስቱ ራሴን ለሁለት ሲሰነጥቀኝ ዋለ። በጎጃም ምድር፣ ማር በእንስራ በሚመጣበት አገር፣ ስኳር በጥብጦ ጠጅ ብሎ መሸጥ ምን ይባላል? አስተናጋጁን "ይህ ማር አለበት?" አልኩት። "ትንሽ አለው" አለኝ። ቢያንስ አልዋሸም።

እውነተኛ ጠጅ የቀመስኩት ሰው ቤት ነው፣ በሚያዝያ 30፣ በማርቆስ ዕለት። አይሸጥም። ስለዚህ እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ቦታ የለውም፤ ግን ያን ቀን ከተማው ውስጥ ከሆናችሁና "ግቡ፣ በሞቴ" ካላችሁ ሰው፣ እምቢ አትበሉ።

ሥጋ ቤቶቹን በአጭሩ። ሁለት አሉ። አንደኛው ሻኛ ብዬ ያዘዝኩትን ጅማት አድርጎ አቀረበልኝ፣ ሚዛኑም ላይ አጥንቱን ጨምሮ መዘነልኝ፤ ስናገር "አጥንት የሌለው ሥጋ አይተህ ታውቃለህ?" ብሎ መለሰልኝ። አልተመለስኩም። ሁለተኛው አንድ በሬ ያርዳል፣ ሲያልቅ ይዘጋል፣ ከ7 ሰዓት በኋላ ብትሄዱ ቢላዋ ሲያጥቡ ነው የምታገኟቸው። ጎድን ከዳቢቱ ጥሩ ነው፣ አዋዜውም ቤት ውስጥ የተሠራ ነው። ግን የአንድ ኪሎ ሥጋ ዋጋ የሽሮ ቤቷን ስምንት ሰው አብልቶ ይተርፋልና በወር አንዴ፣ ደሞዝ በገባ ሳምንት ብቻ ነው የምሄደው።

ቢራ ለምትሉ አለ፣ ዳሽንም ጊዮርጊስም በየግሮሰሪው ቀዝቅዞ ተደርድሯል። ቢራ ደግሞ የትም ከተማ አንድ ነው፣ ለእሱ ብላችሁ ዓባይን አትሻገሩ።

ጓደኛዬ እሑድ ማታ ተመለሰ። ማክሰኞ ደወለልኝ። "ማስታወሻ ላይ ልጻፈው፣ ቀጣዩ ጠላ መቼ ነው?" አለኝ። ቡናዋ ጋ ሄጄ ጠየቅኩለት። ልጅቷ በጣቷ ቆጠረች፤ "የእሳቸው ትናንት ነው የተመረገው። ለማርያም ይደርሳል። እንዳይዘገይ በለው፣ የዚህ ወር ማኅበር እዚያው ቤት ስለሆነ እስከ ቀትር ያልቃል።"